ቀን ያለው አቤቱታ፦ ስለ አካባቢ ብክለት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

የዚህ እትም የሕግ አምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተሰጥቷል። በቅርብ ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ተበከለ ውኃ፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ድምፅ የሚያወሱ ሆነው ስላገኘናቸው አምስቱን መርጠን አንድ ላይ አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ስም ያላወጣነው በራሳቸው ጥያቄ ነው። የተወቀሱትን ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ስም የተውነው ደግሞ አምዱ የሌላውን ወገን መልስ ሰምቶ የሚፈርድ ችሎት ባለመሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ወረዳ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምናመርት ገበሬዎች ነን። ከእኛ በላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ በተለይ ሌሊትና በበዓል ቀን የሚለቀው ፍሳሽ ውኃውን ያጠቁረዋል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው የሚመስለው። ባለፈው ዓመት ከወንዙ የጠጡ ሁለት ላሞች ሞተውብናል፤ ማሳውም እየነጣ ምርቱ ቀንሷል። ወረዳው ድረስ ሄደን በቃል ደጋግመን ተናግረናል። የተሰጠን መልስ «ወንዙ የእናንተ የግል ንብረት አይደለም፤ ጉዳት ደረሰብን ካላችሁ ማስረጃ አምጡ» የሚል ነው። መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው? ወዴትስ እንሂድ?

መልስ፦ «ወንዙ የእናንተ አይደለም» ከሚለው ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእርግጥ በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ ለመሆን በክርክሩ ጉዳይ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው ሆኖ መገኘት ያስፈልጋል፤ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ንዑስ አንቀጽ 2 ይህንኑ ይደነግጋል። ሆኖም ሕግ አውጪው ብክለትን በሚመለከት ከዚህ ደንብ አውቆ ወጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ላይ ማንኛውም ሰው፣ በጉዳዩ የተለየ ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው ሰው ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ላም የሞተበት ገበሬ ቀርቶ በመንገድ ሲያልፍ የጠቆረውን ውኃ ያየ መንገደኛም ይህ መብት አለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ሲሰጥ ባለ ርስትና ባለ ርስት ያልሆነ ብሎ አልለየም።

የእናንተ ችግር ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እስካሁን የተናገራችሁት በቃል ነው። ያው አንቀጽ 11 የጊዜ ሰሌዳ አለው። አቤቱታው የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩን ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ገደብ ካለፈበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። እንግዲህ ሠላሳው ቀን መቼ እንደ ጀመረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ስልሳውም ቀን አይቆጠርም። በግቢው በር ላይ ቆሞ የተነገረ ብሶት፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በመዝገብ ቤት ገቢ ካልሆነ በሕግ ፊት እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ አቤቱታችሁን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ መስጠት፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ደግሞ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ነው። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ላኩትና ደረሰኙን አስቀምጡ።

አቤቱታውን ለማን እንደምታቀርቡ በጥንቃቄ አስቡበት። ወረዳው ሊያዳምጣችሁ የሚገባ ቢሆንም አዋጁ በስም የጠራው የክልሉን የአካባቢ መሥሪያ ቤትና የፌዴራሉን ባለሥልጣን ነው። የፌዴራሉ ተቋም ባለፉት ዓመታት ስሙ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 መሠረት ተመልሶ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ ተጠሪነቱ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሆኗል። በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ አቤት ባዩ ትክክለኛውን በር ማጣቱ አያስገርምም። እኔ የምመክራችሁ ዋናውን ለክልሉ፣ ግልባጩን ለፌዴራሉ ባለሥልጣን እንድታደርጉ ነው፤ ወንዛችሁ የክልል ወሰን ተሻግሮ የሚፈስ በመሆኑ የፌዴራሉም ጉዳይ ነውና «እኛን አይመለከትም» ለማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ማስረጃው። ሕጉ ተመራማሪ ሁኑ አይላችሁም፤ ናሙና የመውሰድና የመመርመር ሥልጣን የተሰጠው ለአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ነው። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው ቀን በሥራ ሰዓት መጥቶ ንጹሕ ውኃ አግኝቶ ቢመለስ ጉዳያችሁ ይዳከማልና ፍሳሹ መቼ መቼ እንደሚለቀቅ ለብዙ ሳምንታት የያዛችሁትን መዝገብ ከአቤቱታው ጋር አያይዙ። አንድ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውኃውን ቀለምና ሽታ፣ ያየውን ሰው ስምና ፊርማ ጻፉበት። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከፋብሪካው ቱቦ በላይ ያለውን ውኃ፣ ቱቦውን ራሱንና ከቱቦው በታች ያለውን ውኃ በአንድ ሰዓት ውስጥ አከታትሎ የሚያሳይ ካልሆነ «ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» የሚለውን መከራከሪያ አይሰብርም። የውኃ ናሙናም ሲወሰድ ሦስቱም ቦታ መወሰድ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። ላም በሞተ ጊዜ ደግሞ ሬሳው ሳይቀበር የእንስሳት ሐኪም አይቶ የምስክር ወረቀት እንዲጽፍ አድርጉ፤ ከወር በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ክብደቱ ያንሳል።

ስለ ሽታው የጻፋችሁት በራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ቆዳ ፋብሪካ ጸጉሩን ከቆዳው ለማላቀቅ ሰልፋይድ ይጠቀማል፤ ለማልፋት ደግሞ ብዙዎቹ የክሮሚየም ጨው ይጠቀማሉ። በደንብ የሚሠራ ፋብሪካ የእነዚህን ሁለት ሥራዎች ፍሳሽ ለየብቻ ይዞ ያጣራል፤ ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ከአሲዳማው ጋር ሳይጣራ ሲቀላቀል ነው ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ የሚወጣው። ጋዙ መርዛማ ነው፤ ሽታው ሲበረታ ልጆችን ወደ ቱቦው አታስጠጉ። ማሳው የሚነጣው ጥሬ ቆዳ እንዳይበላሽ የሚነሰነሰው ጨው በውኃው አልፎ በአፈሩ ላይ ሲከማች ሊሆን ይችላል፤ ሽንኩርት ጨው ከማይችሉ አዝርዕት አንዱ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ክሮሚየምን ብቻ ሳይሆን ሰልፋይድንና የጨው መጠንንም እንዲለካ በአቤቱታችሁ ላይ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የአፈር ናሙናም እንዲወሰድ።

መሥሪያ ቤቱ ምን ማድረግ ይችላል? በአዋጁ አንቀጽ 3 መሠረት ፋብሪካው ብክለትን የሚቀንስ ቴክኖሎጂ እንዲተክል ማዘዝ፣ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ማድረግ፣ በሰው ጤና ወይም በአካባቢ ላይ አደጋ ካለም ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ሥልጣኑ ትልቅ ነው። የገንዘብ መቀጮው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአዋጁ ጠቅላላ የቅጣት ድንጋጌ ለሕጋዊ ሰው ያስቀመጠው ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ብር ነው። በ1995 ያ ገንዘብ ያስደነግጥ ይሆናል፤ ዛሬ ግን የማጣሪያ ጣቢያውን ከማሠራት መቀጮውን መክፈል የሚረክስበት ፋብሪካ ብዙ ነው፤ ይህም በሕጉ ላይ የማየው ትልቁ ጉድለት ነው። በዚህ የተነሣ በአቤቱታችሁ ላይ «ይቀጣልን» ከማለት ይልቅ «ማጣሪያው በዚህ ቀን ውስጥ ሥራ እንዲጀምር ይታዘዝልን፤ እስከዚያ ፍሳሹ ይቁምልን፤ የተበከለው እንዲጸዳ ይደረግልን» ብላችሁ በዝርዝር ጠይቁ። ከዚህ ጎን ለጎን በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 ሕግን ጥሶ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ሰው እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል፣ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ውጤት ካስከተለም ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ይደነግጋልና ለፖሊስ ማመልከትም ይቻላል።

ለሞቱት ላሞችና ለወደቀው ምርት የሚጠየቀው ካሳ በሌላ መንገድ የሚሄድ ነው፤ እሱን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ነው። አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገሮችን በመጠቀም ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል፤ በዚህ አንቀጽ ላይ ከተመሠረታችሁ የባለ ፋብሪካውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ጉዳቱ ከፍሳሹ የመጣ መሆኑን ግን ማስረዳት ግድ ነው። አስቸኳይ የሆነው ነገር ይርጋው ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ላሞቹ የሞቱት ባለፈው ዓመት ከሆነ ጊዜው እየሮጠ ነውና የአስተዳደሩን መልስ ስትጠባበቁ ይህ እንዳያልፋችሁ። ብዙ ሆናችሁ ለመክሰስ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ከመካከላቸው በአንዱ ወይም በጥቂቶች ተወክለው እንዲከራከሩ ስለሚፈቅድ ሠላሳ ገበሬ ሠላሳ መዝገብ መክፈት የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ማንን እንደምትከሱ ጥንቃቄ አድርጉ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የሲቪክ ማኅበር ይህንኑ አንቀጽ 11 መሠረት አድርጎ ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። ክሱ የወንዞቹ ሁኔታ በፍሬ ነገር ደረጃ ሳይመረመር ውድቅ ተደረገ። ተቆጣጣሪው ሥራውን አልሠራም ብሎ መክሰስ ለሕዝብ ጥቅም ትልቅ ትርጉም እንዳለው አምናለሁ፤ ወደፊትም መሞከር ያለበት መንገድ ነው። የእናንተ ዓላማ ግን ነገ ጠዋት ንጹሕ ውኃ ማግኘት ስለሆነ በካዩን ራሱን ዋነኛ ተከሳሽ አድርጉ።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የጨርቅ ማቅለሚያ ድርጅት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሳያሳውቁኝ ገብተው ከፍሳሽ መውረጃው ውኃ ቀድተው ሄዱ፤ ከዚያም በአጭር ጊዜ ውስጥ ማጣሪያ እንድሠራ የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰኝ። የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይዙ መግባት ይችላሉ? ሕጉ ሥራ ፈጣሪን ለማጥፋት ነው ወይ የወጣው?

መልስ፦ መግባት ይችላሉ። አዋጁ በአንቀጽ 8 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገቢ መስሎ በታየው ጊዜ ወደ ማንኛውም ግቢ እንዲገባ፣ ሰዎችን እንዲጠይቅ፣ ሰነድ እንዲያይና ናሙና ያለ ክፍያ እንዲወስድ ፈቅዶለታል። የዚህ ምክንያት ከላይ ካለው ደብዳቤ በግልጽ ይታያል፤ ጉብኝቱ አስቀድሞ ቢነገር የሚለቀቀው ሁሉ ንጹሕ ይሆናል። እርስዎ በበኩልዎ የተቆጣጣሪውን መታወቂያ የመጠየቅ፣ ናሙናው ከየት ቦታና በስንት ሰዓት እንደ ተወሰደ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት የመጠየቅ መብትዎን ይጠቀሙ። ከተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ ሰዓት የራስዎን ናሙና ወስደው በሌላ ላቦራቶሪ ማስመርመር ቢችሉ ደግሞ ለክርክር የሚጠቅምዎ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

በደብዳቤው ካልተስማሙ ጊዜዎ አጭር ነው። የተቆጣጣሪው እርምጃ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይግባኝ ይቀርባል፤ በኃላፊው ውሳኔ ቅር ከተሰኙም በ30 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት የደረሰ ከሆነ ይህን መጽሔት ሲያነቡ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶዎት ይሆናል። እባክዎ ዛሬውኑ ይጻፉ። የይግባኙ ይዘት ማጣሪያው አያስፈልግም የሚል ባይሆን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ያለበት ውኃ ሄዶ ሄዶ የሰው ማሳ ላይ ማረፉ አይቀርም። ይልቁንም የጊዜ ሰሌዳውን የሚመለከት ይሁን፤ የትኛውን ሥራ በየትኛው ወር እንደሚጨርሱ በዝርዝር አሳይተው የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ። በ2001 የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥቶ እንደ ነበር ስናስታውስ ሕግ አውጪው የአቅምን ጉዳይ ፈጽሞ አልዘነጋም ማለት ነው፤ ነገር ግን ያ ጊዜ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ስለ ወጪው በእውነት እረዳዎታለሁ። በ2008 ሥራ የጀመረው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምና ወደ ውጭ ምንም ፈሳሽ የማይለቅ ሥርዓት ተተክሎለታል፤ ያ በመንግሥት ገንዘብ ለብዙ ፋብሪካዎች በጋራ የተሠራ ነው። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ላለው ቤት እንደዚያ ያለ ነገር ብቻውን ይሥራ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ርካሹን ይሥሩ፦ ቀለም ያለበትን ውኃ ከእጥበት ውኃው ለዩ፤ የመጨረሻውን እጥበት ውኃ ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ እጥበት ተጠቀሙበት፤ የሚጣራው መጠን ሲያንስ የማጣሪያው ዋጋም አብሮ ይወርዳል። ከጎረቤት ድርጅቶች ጋር በጋራ ማጣሪያ መሥራትም ሌላው መንገድ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 10 ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲሆን የሚያስችል ማበረታቻ አስቀምጧል፤ ብዙ ባለ ድርጅቶች ይህን ሳያውቁ ቀረጥ ከፍለዋል። መሣሪያውን ከማዘዝዎ በፊት ከባለሥልጣኑ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከመንደራችን አጠገብ የድንጋይ መፍጫ ሊተከል ነው። ባለፈው ወር ወደ ቀበሌ ተጠርተን አበልና ሻይ ተሰጥቶን የመገኘት ፊርማ ፈረምን፤ አሁን «ሕዝቡ ተስማምቷል» የሚል ጥናት መቅረቡን ሰማን። እኛ ግን ስለ አቧራውም ሆነ ስለ ፍንዳታው የሰማነው ነገር የለም። ፈርመናል ተብሎ መብታችን ቀርቷል?

መልስ፦ አልቀረም። ስብሰባ ላይ መገኘትና በፕሮጀክቱ መስማማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የፈረማችሁት ወረቀት ርእሱ «የተገኙ ሰዎች ዝርዝር» ከሆነ የሚያረጋግጠው መገኘታችሁን ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ የሚመለከቱትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች በሚመለከት ሐሳቡን እንዲገልጽና እንዲመክር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይም የፕሮጀክቱ ተፅዕኖ የሚያርፍባቸው ሰዎች አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ሪፖርቱን ያላየ ሰው አስተያየት ሰጠ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ያለበት አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ አንደኛ ሪፖርቱን እንድናነብ ቅጂው ይሰጠን፣ ሁለተኛ ስብሰባው ላይ ስለ አቧራ፣ ስለ ፍንዳታና ስለ መኪና መንገድ ምንም ስላልተነገረን አስተያየታችን እንዳልተወሰደ ይመዝገብልን የሚል። ስብሰባው የተካሄደበትን ቀንና የነበሩትን ሰዎች ዝርዝር አያይዙ። አዋጁ በሪፖርት ላይ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን ባለ ፕሮጀክት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚያስቀጣ በደብዳቤው ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ማስፈራራት አይደለም፣ ሕጉ ያለውን መጥቀስ ነው።

ከፈቃዱ በፊት ሥራ ከተጀመረም ዝም አትበሉ። በአዋጁ አንቀጽ 3 መሠረት የተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢው መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ መጀመር አይችልም፤ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይህ ይሁንታ መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። ይሁንታ ተሰጥቶት ጉዳት ቢያደርስስ? ያም በኃላፊነት ከመጠየቅ አያድነውም። የጥናቱ መጽደቅ ባለ ፕሮጀክቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ከኃላፊነት ነፃ እንደማያደርገው አዋጁ ራሱ ስለሚናገር «ጥናታችን ጸድቋል» የሚለው መልስ ለተሰነጠቀ ግድግዳ መልስ አይሆንም። ቤቶቻችሁን ሥራው ሳይጀመር ዛሬ ፎቶግራፍ አንሡ።

ጥያቄ፦ በካዩ የከተማው አስተዳደር ራሱ ቢሆንስ? የከተማችን ቆሻሻ ከቤታችን ሥር ባለው ገደል ይጣላል፤ በክረምት ወደ ምንጫችን ይታጠባል። መንግሥትን በመንግሥት መክሰስ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ሲል የመንግሥት አካልንም ይጨምራል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 በተከሰተው የቆሻሻ ክምር መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በከተማ የሚጣል ቆሻሻ የሽታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ስሰማ እነዚያ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አደጋው ከመድረሱ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1999፣ የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ቦታው በአካባቢ፣ በጤናና በንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ቦታው ከተዘጋ በኋላም ቢሆን፣ ኃላፊ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ ሕግ ስላጸደቀ ክስ ስታዘጋጁ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ የነበረውን ሕግ ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ አረጋግጡ።

አቤቱታውን ለከተማው አስተዳደር ብቻ አታቅርቡ፤ ራሱን እንዲመረምር መጠየቅ ፋይዳው አነስተኛ ነው። ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቅርቡ፤ ምንጩ የሚጠጣ ከሆነ ለጤና ቢሮውም ግልባጭ አድርጉ። ለልጆች የሚሰጠውን ውኃ እስከዚያው ከሌላ ቦታ ቅዱ፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ከባትሪና ከኬሚካል የሚታጠበውን ብረት አያስወግድም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የእንጨት ሥራ ማሽኑን እስከ እኩለ ሌሊት ያሠራል። ስነግረው «ፈቃድ አለኝ» ይለኛል።

መልስ፦ የንግድ ፈቃድ ሌሊት የማስጮህ ፈቃድ አይደለም። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሚፈቀደው 55 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ማድረስ እንደሌለበት ይደነግጋል። በሽማግሌ አንድ ጊዜ ሞክሩ፤ ማሽኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይነሣ በጽሑፍ ተስማምቶ ከፈረመ ጥሩ። እምቢ ካለ ለክፍለ ከተማው ወይም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አመልክታችሁ መለኪያ ይዘው ሌሊት እንዲመጡ ጠይቁ፤ ቀን መጥተው የለኩት ለእርስዎ ጉዳይ አይጠቅምም።